የባሕር ጠለል የረጅም ዘመን መዝገብን ጥራት መመርመር፦ ደረጃ በደረጃ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ እንደምትገኝ ብዙ ሰው ያውቃል፤ ያ «ባሕር ጠለል» የተባለው መነሻ ግን በየሰዓቱ፣ በየወቅቱና በየዘመኑ ከፍ ዝቅ የሚል መሆኑን፣ አማካዩም የሚታወቀው በወደብ ዳር ተተክለው ለብዙ ዓመታት ውሃውን ሲለኩ ከኖሩ ጣቢያዎች መሆኑን የሚያስበው ጥቂቱ ነው። እነዚህ ጣቢያዎች በባለሙያዎች ዘንድ ታይድ ጌጅ ይባላሉ፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «የባሕር ጌጅ» እያልኩ እጠራቸዋለሁ። መዝገቦቻቸው ዛሬ በኢንተርኔት በነፃ ስለሚገኙ፣ ባሕር አይቶ የማያውቅ የሰሜን ሸዋ ተማሪም ለመመረቂያ ጽሑፉ የመቶ ዓመት መዝገብ አውርዶ፣ በኤክሴል መስመር አስምሮበት፣ ባሕሩ በዓመት ይህን ያህል ሚሊ ሜትር ከፍ ብሏል ብሎ መጻፍ ይችላል። ቁጥሩን ማውጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ቁጥሩ የሚታመን መሆን አለመሆኑን ማወቅ ግን ሳምንታት ይወስዳል። ይህ መመሪያ የሚመለከተው ሁለተኛውን ሥራ ነው።

የተጻፈውም በዋናነት ለጂኦግራፊ፣ ለሃይድሮሎጂና ለአየር ንብረት ተማሪዎች ነው፤ ሆኖም የበሬሳን ወይም የሮቢን ወንዝ የስታፍ ጌጅ (በውሃው ውስጥ የቆመ ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ) ንባብ በየዕለቱ የሚመዘግቡና የሚያጣሩ ሰዎችም አብዛኛውን ነገር ከራሳቸው ሥራ ያውቁታል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ለምን ዜሮው ከሁሉ ይቀድማል

የባሕር ጌጅ የሚለካው የውሃውን ከፍታ ከመሬቱ አንጻር ነው። በጣቢያው አጠገብ በአለት ወይም በጽኑ ግንብ ላይ የተተከለ ቤንች ማርክ፣ ማለትም ቋሚ የከፍታ ምልክት፣ ይኖራል፤ የመለኪያው ዜሮ ከዚህ ቤንች ማርክ ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ በሌቭሊንግ፣ ማለትም በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን የከፍታ ልዩነት በሚለካ የቅየሳ ዘዴ፣ ይለካል፤ መለኪያው ሲሰበር፣ ሲቀየር ወይም ሲዛወር አዲሱ ዜሮ ከአሮጌው ጋር የሚገናኘው በዚሁ ቤንች ማርክ አማካይነት ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ መዝገብ የቱንም ያህል ረጅም ቢሆን፣ መስመሩም የቱንም ያህል የተስተካከለ ቢመስል፣ ዜሮው ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ቀን አንድ ሆኖ መጠበቁ በሰነድ ካልታወቀ ለአዝማሚያ ስሌት አይበቃም። የእኔ አቋም ይህ ነው፤ የሚከተሉት ደረጃዎችም ቅደም ተከተላቸው ከዚሁ የመነጨ ነው።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። የ60 ዓመት መዝገብ አለን እንበል። በ30ኛው ዓመት መለኪያው ተሰብሮ በሌላ ሲተካ ዜሮው በ30 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍና ማንም ሳይመዘግበው ቢቀር፣ ባሕሩ ከቦታው ባይነቃነቅ እንኳ በመዝገቡ ላይ የሚሰመረው ቀጥታ መስመር በዓመት የ0.75 ሚሊ ሜትር ዝንባሌ ያሳያል። በመዝገብ መሃል የተፈጠረ ዝላይ በ1.5 ተባዝቶ ለመዝገቡ ርዝመት ሲካፈል የሐሰቱ ዝንባሌ ይገኛልና ማንም በወረቀት ላይ ሊያረጋግጠው ይችላል። የበይነ መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል በስድስተኛው የግምገማ ሪፖርቱ እንዳስቀመጠው የዓለም አማካይ የባሕር ጠለል ከ1901 እስከ 2018 ድረስ በ20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሏል፤ ይህም በዓመት ሲመታ 1.7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ሁለት ጣት የማይሞላ ያልተመዘገበ ስህተት የአንድን ክፍለ ዘመን እውነተኛ ለውጥ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ያህል የሐሰት ምልክት ይፈጥራል ማለት ነው።

አንደኛ ደረጃ፦ መዝገቡን ማውረድና ዓይነቱን መለየት

የወርና የዓመት አማካዮችን የሚሰበስበው ዋናው ማዕከል በ1933 የተመሠረተውና መቀመጫው በእንግሊዝ አገር ሊቨርፑል የሆነው የአማካይ ባሕር ጠለል ቋሚ አገልግሎት ነው፤ በምህጻረ ቃሉ ፒኤስኤምኤስኤል ይባላል። ከዚህ ማዕከል ሁለት ዓይነት ፋይል ይገኛል። አንደኛው «ሜትሪክ» የሚባለው ሲሆን፣ ጣቢያው እንደላከው የተቀመጠ፣ የዜሮው ታሪክ ከዓመት ዓመት ያልተያያዘ መዝገብ ነው። ሁለተኛው «አርኤልአር» የሚባለው ሲሆን፣ የቤንች ማርኩ ታሪክ ተጣርቶ ሁሉም ዓመታት ወደ አንድ ዜሮ የመጡበት ነው። ከሜትሪክ ፋይል አዝማሚያ ማስላት ፈጽሞ አይገባም፤ ፋይሉ ረዘም ያለ ስለሆነ ብቻ የሚመርጡት ሰዎች እንዳሉ ስለማውቅ ነው አስረግጬ የምናገረው።

የአርኤልአር ፋይል ሲከፈት ቁጥሮቹ በ7,000 ዙሪያ ሆነው ይታያሉ። ባሕሩ ሰባት ሜትር ጥልቀት አለው ማለት ግን አይደለም። ማዕከሉ ዜሮውን ሆን ብሎ ከአማካዩ ባሕር 7,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝቅ አድርጎ ያስቀመጠው ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር እንዳይመጣ ነው። የወር ፋይሉ አንድ መስመር ለምሳሌ «1958.0417፤ 6987፤ 0፤ 000» የሚል ቅርጽ አለው። የመጀመሪያው ቁጥር የወሩን አጋማሽ በዓመት ክፍልፋይ ያሳያል፤ 0.0417 ጃንዋሪ፣ 0.1250 ፌብሩዋሪ፣ 0.2083 ማርች ነው፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ሁለተኛው ከፍታው በሚሊ ሜትር፣ ሦስተኛው በወሩ ውስጥ ንባብ የጎደለባቸው ቀናት ብዛት ነው። የመጨረሻው ምልክት ጥንቃቄ የሚያስፈልገውን ወይም በተለየ ዘዴ የተሰላውን ወር ይጠቁማል። በሁለተኛው ዓምድ -99999 የሚል ቁጥር ካለ ንባብ የለም ማለት ነው፤ ይህን ቁጥር ሳያወጡ አማካይ ያሰላ ሰው የሚያገኘው ውጤት ለሳቅ ካልሆነ ለሌላ አይሆንም።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ተማሪ ብቻ የሚያሰናክል አንድ ነገር አለ። የወር አማካዮችን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለመለወጥ አይሞክሩ። ጃንዋሪ 1 በአብዛኞቹ ዓመታት ታኅሣሥ 23 ላይ ስለሚውል የጃንዋሪ አማካይ የታኅሣሥንም የጥርንም ቀናት ይዟል፤ ተከፋፍሎ ወደ አንዱ ወር ሊገባ አይችልም። የሰዓት ንባብ ሲሆን ደግሞ ፋይሎቹ በአብዛኛው በግሪንዊች ሰዓት የተጻፉ ናቸው፤ በፋይሉ 00 ሰዓት የሚለው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ሥራው ሁሉ በፋይሉ አቆጣጠር ይሠራና በመጨረሻ ለአንባቢ ሲቀርብ ብቻ ማብራሪያ ይሰጥበታል።

የሰዓት ንባብ የሚፈልግ ሰው የሐዋይ ዩኒቨርሲቲ የባሕር ጠለል ማዕከል የሚያሰራጨውን መዝገብ ቢጠቀም ይሻላል። ማዕከሉ በፍጥነት የሚለቀቀውን ከተጣራው ለይቶ ያስቀምጣል፤ ለረጅም ዘመን ጥናት የሚሆነው የተጣራው ነው። በቀጥታ ከጣቢያ የሚተላለፍና በየደቂቃው የሚታይ ንባብም በኢንተርኔት አለ፤ እርሱ ለሱናሚ ማስጠንቀቂያና መለኪያው በሥራ ላይ መሆኑን ለማየት የታሰበ ጥሬ ንባብ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይጠቅምም።

ሁለተኛ ደረጃ፦ የጣቢያውን ታሪክ መጻፍ

ግራፍ ከማውጣትዎ በፊት ሰነድ ያንብቡ። ይህ ደረጃ አሰልቺ ስለሆነ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው ግን እርሱ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ አምስት ዓምዶች ያሉት ሠንጠረዥ ያዘጋጁ፦ ቀን፣ የሆነው ነገር፣ የመለኪያው ዓይነት፣ ጣቢያውን የሚያስተዳድረው አካል፣ ከለውጡ በፊትና በኋላ የተደረገ ሌቭሊንግ። ከፒኤስኤምኤስኤል የጣቢያው ማስታወሻ፣ ከአገሩ የባሕር ወይም የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ሪፖርቶችና ስለ ጣቢያው ከታተሙ ጥናቶች የሚገኘውን ሁሉ ወደዚህ ሠንጠረዥ ያስገቡ።

ሠንጠረዡ ምን እንደሚመስል ለመረዳት ሳን ፍራንሲስኮን እንውሰድ። መዝገቡ ከ1854 ጀምሮ የዘለቀ በመሆኑ በአሜሪካ ረጅሙ ተከታታይ መዝገብ ነው፤ መለኪያው ግን መጀመሪያ ፎርት ፖይንት ላይ ነበር፤ በ1877 ከወሽመጡ በር ማዶ ወዳለው ሳውሳሊቶ ሄደ፤ በ1897 ደግሞ ወደ ፕሬሲዲዮ ተመለሰ። በ1906 ከተማውን ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ መጣ። ስለዚህ ከ1897 በፊት ያለውን ክፍል ከኋላው ጋር ያያዘው ሌቭሊንግ በጥንቃቄ ሳይመረመር መዝገቡ ሁሉ አንድ ነው ብሎ መነሳት አይቻልም።

የብሬስት ወደብ ደግሞ ሥራው በደንብ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ያሳያል። የዚህ የፈረንሳይ ጣቢያ ተከታታይ መዝገብ ከ1807 ይጀምራል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተማው ሲደበደብ መዝገቡም ተቋርጧል። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያሉትን የድሮ ሰነዶችና የሌቭሊንግ ደብተሮች አገላብጠው፣ ከጦርነቱ በፊትና በኋላ ያለው ዜሮ የሚገናኝ መሆኑን አጣርተው ካሳዩ በኋላ ነው መዝገቡ በሙሉ ልብ ጥቅም ላይ የዋለው።

በሠንጠረዡ ውስጥ በተለይ የሚፈለገው የመለኪያው ዓይነት የተቀየረበት ቀን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተስፋፋው መለኪያ ከታች ትንሽ ቀዳዳ ባለው ጉድጓድ ወይም ቱቦ ውስጥ የሚንሳፈፍ ተንሳፋፊ ሲሆን፣ የተንሳፋፊው እንቅስቃሴ በሰዓት በሚሽከረከር ወረቀት ላይ በብዕር ይሰመራል። በኋላ የውሃ ግፊት የሚለኩ፣ በድምፅ ሞገድ የሚሠሩና በመጨረሻም ራዳር የሚጠቀሙ መጡ። እያንዳንዱ የራሱ ባሕርይና የራሱ ስህተት አለው። ጥሩ ጣቢያ አሮጌውና አዲሱ መለኪያ ጎን ለጎን ለወራት፣ ቢቻል ከዓመት በላይ አብረው እንዲሠሩ አድርጎ ልዩነታቸውን ይመዘግባል። በሠንጠረዡ ውስጥ ለውጡ ተጽፎ አብሮ የመሥራት ጊዜው ካልተጠቀሰ ያንን ቀን በቀይ ያስምሩበት።

ቤንች ማርኩ አንድ ብቻ ከሆነም መጠርጠር ይገባል። አንዱ ቢሰጥም ወይም መንገድ ሲሠራ ቢነካ፣ ሌላ ምስክር ስለሌለው ሌቭሊንጉ ሁሉ ከእርሱ ጋር ይሳሳታል። ሦስትና ከዚያ በላይ ሆነው በየጊዜው እርስ በርሳቸው ከተለኩ ግን የትኛው እንደተንቀሳቀሰ ወዲያው ይታወቃል። የወንዝ ጌጅ የሚያነቡ ሰዎች ይህን በሚገባ ያውቁታል፤ ክረምት ላይ ጎርፍ ስታፉን ሲወስደውና ከቤንች ማርክ ሳይለካ «እዚያው ገደማ» ተብሎ ሲተከል ከዚያ ወዲህ ያለው ንባብ ከቀድሞው ጋር መገናኘቱ አበቃ።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ማየት

አሁን ግራፉን ያውጡ። መጀመሪያ የወሩን ንባብ እንዳለ፤ ቀጥሎ የየወሩን የብዙ ዓመት አማካይ ቀንሰው ወቅታዊ ለውጡ የወጣለትን፤ በመጨረሻም የዓመቱን አማካይ። ሦስቱንም በሰፊ ወረቀት አትሞ በእርሳስ ምልክት እያደረጉ ማየት በኮምፒውተር መስኮት ላይ ከማየት ይልቅ ብዙ ነገር ያሳያል።

የሚፈለገው ድንገተኛ ዝላይ ነው፤ ዝላይ ሲገኝም መጠኑን በጥንቃቄ መለካት ያስፈልጋል፤ መጠኑ ምክንያቱን ይናገራልና። በ305 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ዝላይ አንድ እግር ማለት ነው፤ በእግርና በኢንች ይመዘገብ በነበረ ጣቢያ አንድ ሰው ስታፉን በአንድ እግር አሳስቶ እንዳነበበ ወይም ወደ ሜትር ሲለወጥ እንደተዘለለ ያመለክታል። 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ኢንች ነው። ልክ 100 ወይም ልክ 1,000 ከሆነ የጸሐፊ እጅ ያለበት ነው። እንዲህ ያለ የተሟላ ቁጥር ያልሆነና በሠንጠረዡ ውስጥ ከመለኪያ ለውጥ ቀን ጋር የሚገጥም ዝላይ ደግሞ የዜሮ መዛነፍ ሊሆን ይችላል። ለወራት አንድ ዓይነት ቁጥር የሚደጋግም ቀጥ ያለ መስመር ካለ ተንሳፋፊው ተጣብቋል ወይም ክፍተቱ በእጅ ተሞልቷል።

ያልተለመደ ነገር ሁሉ ግን ስህተት አይደለም። በሳን ፍራንሲስኮ መዝገብ ላይ በ1982 እና 83፣ እንዲሁም በ1997 እና 98 ጎላ ያሉ እብጠቶች ይታያሉ፤ እነዚህ የኤል ኒኞ ዓመታት ናቸው፤ ባሕሩ በእርግጥ ከፍ ብሎ ነበር። እነርሱን እንደ ስህተት ቆርጦ የጣለ ሰው ከመዝገቡ እውነተኛውን ነገር አወጣ ማለት ነው። ወቅቱንም ከራስ አገር ልማድ ተነስቶ መፍረድ አደገኛ ነው። በሬሳና ጀማ የሚሞሉት በሐምሌና በነሐሴ ስለሆነ፣ የቀይ ባሕር መዝገብ በዚያው ጊዜ ዝቅ ብሎ ሲገኝ ተማሪው ምልክቱ የተገለበጠ ይመስለዋል። ቀይ ባሕር ግን በበጋችን ከፍ፣ በክረምታችን ዝቅ ይላል፤ በደቡቡ ክፍል ነፋሱ በየወቅቱ አቅጣጫውን ስለሚቀይርና ትነትም ስለሚጨመርበት ነው።

አራተኛ ደረጃ፦ ክፍተቶችን መቁጠር

ፒኤስኤምኤስኤል ከ15 ቀን በላይ ንባብ የጎደለበትን ወር አማካይ አያወጣለትም፤ ቢያንስ 11 ወር ከሌለውም የዓመት አማካይ አይሰጥም። እርስዎም ከዚህ የላላ መስፈርት አይጠቀሙ። ከዚያ በኋላ የክፍተቶቹን ብዛት ብቻ ሳይሆን የት እንደወደቁ ይመልከቱ። በየቦታው የተበተኑ ሃያ የጎደሉ ወራት ብዙ አይጎዱም፤ በተከታታይ የጠፉ ሃያ ዓመታት ግን መዝገቡን ለሁለት ይከፍሉታል፤ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ድልድይ ያ የፈረደበት ቤንች ማርክ ብቻ ይሆናል። ለእኛ ቅርብ ከሆኑት የባሕር ጌጆች መካከል የኤደን መዝገብ የሚጀምረው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው፤ ይህን በማየት ብዙ ሰው ይጓጓል፤ ነገር ግን ረጃጅም ክፍተቶች ስላሉት ከላይ የተባለው ሁሉ በእርሱ ላይ በጥብቅ ይሠራል። በ1878 የጀመረው የሙምባይ መዝገብ በአንጻሩ የተሻለ ተከታታይነት አለው።

ክፍተትን በሁለት ጫፍ መካከል መስመር ስቦ መሙላት የተከለከለ ነው። ባዶው ባዶ ሆኖ ይቆይ። አንድ ጥያቄ ግን መነሳት አለበት፦ መለኪያው የሚቆመው በአጋጣሚ ነው ወይስ ሁልጊዜ በማዕበልና በከባድ ሙላት ጊዜ? በማዕበል ጊዜ ብቻ የሚሰበር መለኪያ ያለው ጣቢያ አማካዩ ከእውነቱ ዝቅ ያለ ይሆናል።

በዚሁ ደረጃ የምልክት ዓምዱን ይመልከቱ። በድሮ ዘመን ብዙ ጣቢያዎች በየሰዓቱ ሳይሆን ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ብቻ ያነቡ ነበር፤ የሁለቱ አማካይ ከየሰዓቱ ንባብ ከሚገኘው አማካይ ጋር አንድ አይደለም፤ በተለይ ውሃው ጥልቀት በሌለው ወደብ ልዩነቱ እስከ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። መዝገቡ በአንድ ዓመት ከዚህኛው ዘዴ ወደዚያኛው ከተሻገረ፣ ሁለቱም ዘዴዎች ሊሰሉበት ከሚችል ዘመን ልዩነቱን አስልቶ ማስተካከል ግድ ነው።

አምስተኛ ደረጃ፦ የሰዓቱን ንባብ መፈተሽ

የሰዓት ንባብ ካልተገኘ ይህን ደረጃ ማለፍ ይቻላል፤ ከተገኘ ግን የመለኪያውን ጤንነት የሚያሳይ ሌላ ነገር የለም። ሙላትና ጉድለቱ የሚመጣው ከጨረቃና ከፀሐይ ስበት ስለሆነ አስቀድሞ ሊሰላ ይችላል። የተሰላውን ከተነበበው ቀንሱና ቀሪውን በግራፍ አውጡት። ቀሪው በነፋስና በአየር ግፊት ምክንያት የሚዋዥቅ ያልተስተካከለ መስመር መሆን አለበት፤ የአየር ግፊት በአንድ ሄክቶፓስካል ሲወርድ ውሃው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይወጣል። ቀሪው ራሱ በየ12 ሰዓት ተኩሉ የሚሞላና የሚጎድል ከመሰለ ግን የመለኪያው ሰዓት ተሳስቷል። የሰዓት ስህተት የሙላቱን ስሌት ያበላሻል እንጂ የወሩን አማካይ ብዙም አይነካም፤ ስለዚህ ለአዝማሚያ ጥናት መዝገቡን ለመጣል ብቻውን ምክንያት አይሆንም። አብዛኛው ጀማሪ የሰዓቱን ስህተት አይቶ ይደነግጣል፤ የዜሮውን ስህተት ግን ሳያየው ያልፋል።

ቀጥሎ የዋናውን የጨረቃ ሙላት መጠን ለየዓመቱ ለየብቻ ያስሉ። ዑደቱ 12.42 ሰዓት የሆነው ይህ ሙላት በ18.6 ዓመት የጨረቃ ዑደት ምክንያት በ3.7 በመቶ ያህል ከአማካዩ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ከዚያ ውጪ በአብዛኛው ከዓመት ዓመት አይለዋወጥም። በአንድ ዓመት በድንገት አሥር በመቶ ቢቀንስና ከጽዳት በኋላ ቢመለስ የቱቦው ቀዳዳ በደለል ወይም በባሕር ፍጥረታት ተደፍኖ ነበር ማለት ነው። ይህ ዘዴ እንደ ፖርት ሱዳን ባሉ ሙላትና ጉድለታቸው ከምንም በማይቆጠር ወደቦች አይሠራም።

ጣቢያው የፍተሻ ሪፖርት ካለው ደግሞ የቫን ደ ካስቴል ፈተና የሚባለውን ይፈልጉ። አንድ ሰው ከሙላት እስከ ጉድለት ለአንድ ሙሉ ዑደት ውሃውን በእጅ እየለካ ከመለኪያው ንባብ ጋር ያነጻጽራል፤ ልዩነቱ በአግድም፣ የውሃው ከፍታ በቁም ይነደፋል። ነጥቦቹ በዜሮ ላይ ቀጥ ብለው ከቆሙ መለኪያው ጤነኛ ነው። ቀጥ ብለው ከዜሮው ርቀው ከቆሙ ዜሮው ተዛንፏል። ካዘነበሉ የመጠን ስህተት አለ። ውሃው ሲወጣ በአንድ ጎን፣ ሲወርድ በሌላ ጎን ሄደው ቀለበት ከሠሩ ደግሞ ሰዓቱ ዘግይቷል ወይም ቀድሟል። አንዲት ወረቀት ላይ የምትወጣ ሥዕል ይህን ሁሉ ትናገራለች።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ከጎረቤት ጋር ማነጻጸር

በአንድ የባሕር ዳርቻ ያሉ ጣቢያዎች በአንድ ነፋስና በአንድ የውቅያኖስ ለውጥ ሥር ስለሆኑ የወር አማካዮቻቸው አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ስለዚህ የአንዱን ከሌላው ሲቀንሱት የጋራው ነገር ይወጣና የየራሳቸው ስህተት ጎልቶ ይቀራል። በአንዱ መዝገብ ላይ ለብቻው በዓይን የማይታይ የ30 ሚሊ ሜትር ዝላይ በልዩነቱ ግራፍ ላይ እንደ ደረጃ ሆኖ ይወጣል። ለምሳሌ ሞምባሳንና ዛንዚባርን በዚህ መንገድ ማየት ይቻላል።

ሁለት ጣቢያዎች ሲጣሉ ግን የትኛው እንደተሳሳተ ከሁለቱ ብቻ አይታወቅም። ሦስተኛ ይጨምሩና ሦስቱንም ጥንዶች ያውጡ፤ ዝላዩ የሚታየው በሁለቱ ጥንዶች ላይ ከሆነ ሁለቱ የሚጋሩት ጣቢያ ነው ጥፋተኛው። ከ1993 ወዲህ ላለው ዘመን ሦስተኛው ምስክር ሳተላይት ሊሆን ይችላል፤ በ1992 ከተመጠቀው ቶፔክስ ፖሴይዶን ጀምሮ ሳተላይቶች የባሕሩን ከፍታ ያለማቋረጥ ይለካሉ። የተገኘው ዝላይ በሠንጠረዡ ካለ ቀን ጋር ከገጠመና ሰነድ ከደገፈው ብቻ ይታረማል። ሰነድ ሳይኖር ግራፉ እንዲያምር ተብሎ የሚደረግ እርማት ጎረቤቱን ወደዚህኛው መዝገብ መገልበጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱ ጣቢያዎች ተስማሙ ብሎ መጻፍም ትርጉም የለውም።

ሰባተኛ ደረጃ፦ የመሬቱን እንቅስቃሴ መለየት

እስካሁን ያጣራነው መዝገብ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም የሚነግረን የባሕሩንና የመሬቱን ድምር ነው። በስቶክሆልም ባሕሩ በዓመት አራት ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ የሚሄድ መዝገብ አለ፤ ስህተት የለበትም። በበረዶ ዘመን ከባድ የበረዶ ክምር ተሸክሞ የነበረው መሬት ዛሬም እየተነሳ ስለሆነ ነው። ባንኮክ አጠገብ ያለው የፎርት ፍራቹላ ጣቢያ ደግሞ ከ1960 ገደማ ጀምሮ በፍጥነት ከፍ ይላል፤ የከርሰ ምድር ውሃ ሲወጣ መሬቱ ስለሰጠመ ነው። በጃፓን ኔዙጋሴኪ በ1964ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ መዝገቡ በአንድ ቀን ዘሏል። እነዚህ ሦስቱ ለዓለም ባሕር አዝማሚያ ሳይታረሙ ሊገቡ አይችሉም፤ ለየአካባቢያቸው የወደብና የቤት ግንባታ ግን ትክክለኛ መረጃ ናቸው፤ ለባንኮክ ነዋሪ ውሃው የወጣው ባሕሩ ስለወጣ ይሁን መሬቱ ስለወረደ ለውጥ የለውምና።

የመሬቱን እንቅስቃሴ ለማወቅ በጣቢያው አጠገብ የተተከለ ቋሚ ጂፒኤስ መኖሩን በፈረንሳይ ላ ሮሼል ከሚገኘው ሶኔል ከተባለው የመረጃ ማዕከል ይፈትሹ። ጂፒኤሱ ከጌጁ ምን ያህል እንደሚርቅና በሌቭሊንግ መያያዙን ይመልከቱ፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ በአለት ላይ የተተከለ ጂፒኤስ በደለል ላይ የቆመ ወደብ መስጠሙን አይናገርም። የአሥር ዓመት የጂፒኤስ ፍጥነትን ወደ ኋላ ለመቶ ዓመት መዘርጋትም መሬቱ በአንድ ፍጥነት ሲሄድ ኖሯል የሚል ግምት ነው። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲታይ ፊት ለፊት የሚዘረጋው የስምጥ ሸለቆ ሄዶ ሄዶ በአፋር በኩል ጅቡቲ ባሕር ላይ ይደርሳል፤ በዚያ በአሳል አካባቢ በ1978 መሬቱ ተሰንጥቆ እሳተ ገሞራ ፈንድቷል። በእንዲህ ያለ ቦታ መሬቱ ለዓመታት ቆይቶ በአንድ ሳምንት ስለሚንቀሳቀስ ቀጥታ መስመር የሚለው ግምት አይሠራም።

ስምንተኛ ደረጃ፦ አዝማሚያውን ከነእርግጠኝነቱ ማስላት

ወቅታዊ ለውጡ በወጣለት የወር መዝገብ ላይ ቀጥታ መስመር ያስገቡ፤ መዝገቡ ከ18.6 ዓመት ዑደት ሁለትና ሦስት እጥፍ የማይበልጥ ከሆነ ዑደቱንም አብረው ይጨምሩ። ኤክሴል የሚሰጠውን የስህተት መጠን ግን እንዳለ አይቀበሉ። ኤክሴል እያንዳንዱ ወር ከቀዳሚው ነፃ ነው ብሎ ያስባል፤ ባሕር ግን በዚህ ወር ከፍ ካለ በሚቀጥለውም ከፍ የማለት ዝንባሌ አለው። በተከታታይ ወራት መካከል ያለው ተዛምዶ 0.4 ቢሆን፣ የ60 ዓመት 720 ወራት እንደ 309 ነፃ ንባቦች ብቻ ይቆጠራሉ፤ 720ን በ0.6 አባዝቶ ለ1.4 በማካፈል ይገኛል። የስህተቱ መጠንም አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይሰፋል።

በዘርፉ ለአዝማሚያ የሚበቃ መዝገብ ቢያንስ 60 ዓመት ይሁን የሚለው ልማድ ከዚሁ የመጣ ነው፤ አጭር መዝገብ ውስጥ የውቅያኖሱ የአሥርተ ዓመታት መዋዠቅ አዝማሚያ መስሎ ይገባል። ስለዚህ መስመሩን የመጀመሪያውን አሥር ዓመት አውጥተው፣ የመጨረሻውን አሥር ዓመት አውጥተው፣ ከዚያም በሠንጠረዡ ቀይ የተሰመረበትን እያንዳንዱን ቀን እንደ ዝላይ ቆጥረው ደግመው ያስሉት። በዚህ የመጨረሻው ሙከራ አዝማሚያው በግማሽ ከተለወጠ መዝገቡ የሚያሳየው ባሕሩን ይሁን የመለኪያውን ታሪክ አይለይም።

ዘጠነኛ ደረጃ፦ ውሳኔውን መጻፍ

በጽሑፉ የዘዴ ምዕራፍ ውስጥ የሚከተሉት በግልጽ ይቀመጡ፦ ፋይሉ የወረደበት ቀን፣ ዓይነቱ፣ የጎደሉት ወራት ብዛትና ቦታ፣ የዜሮ ለውጦች ሠንጠረዥ፣ የተደረገ እርማትና እርማቱን የሚደግፈው ሰነድ፣ የተነጻጸሩ ጎረቤቶች፣ የመሬቱ እንቅስቃሴ በምን እንደተገመተ። እርማት የተደረገበት መዝገብ ካልታረመው ጋር ጎን ለጎን በግራፍ ይውጣ።

ውሳኔው ከሦስት አንዱ ይሆናል። ዜሮው በሰነድ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተያያዘ ከሆነ መዝገቡ ለረጅም ዘመን አዝማሚያ ይበቃል። ዜሮው በአንድ ቦታ ከተቋረጠና ሊጠገን ካልቻለ፣ ሁለቱ ክፍሎች የየራሳቸው መነሻ ተሰጥቷቸው የጋራ ዝንባሌ ይፈለግላቸዋል፤ እርግጠኝነቱ ይቀንሳል፣ ነገር ግን በሐሰት አይበከልም። ዜሮው በየጥቂት ዓመቱ የሚዘል ከሆነ ደግሞ ከአዝማሚያ ስሌት ይውጣ። እንዲህ ያለው መዝገብም ቢሆን አይጣልም፤ የወቅቶችን ለውጥ ለማወቅ፣ ሙላትና ጉድለቱን ለማስላትና የአንድን ማዕበል ከፍታ በዚያው ዓመት ካለው አማካይ ጋር ለማነጻጸር ዜሮው ለዚያች አጭር ጊዜ ብቻ ቢረጋ በቂ ነው።